በባሕር ወደ ታጁራ ለሚሄድ መንገደኛ
(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ስለ አንድ ጉዞ ነው። ጉዞው የሚነሣው ከዚሁ ከአራዳ ሲሆን የሚያበቃው ከጅቡቲ ማዶ፥ በባሕር ዳር በተሠራች ታጁራ በምትባል ትንሽ ጥንታዊ ከተማ ነው። ነገሩን በደንብ አስቦ የተነሣ ሰው፥ በባቡርና በመርከብ ተጉዞ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ከዚያ ለመድረስ ይችላል። እኔ ግን የደረስሁት በስድስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ዐዋቂ የሚሰጠው ምክር ሳይሆን ተሳስቶ የተማረ ሰው ኑዛዜ ነው ብትሉት ቅር አይለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ ፒያሳ ከነበረ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ዛሬ የለም፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ አብሮ ፈርሷል። በዚያ ቤት ከሥራ መልስ እየተገናኘን ማኪያቶ የምንጠጣ አራት አምስት ሰዎች ነበርን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፥ ሠላሳ ዓመት ያህል በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፥ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው ሰው ነበሩ። ስማቸውን እንዳልጠራ አደራ ስላሉኝ አልጠራም። አንድ ማታ ወሬው ስለ ዓመት ዕረፍት በሆነ ጊዜ ጋሼ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው «እኔ እንግዲህ ባሕር ሳላይ ልሞት ነው» አሉ። ሁላችንም ሣቅን። እርሳቸው ግን አልሣቁም።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጥንታዊ የባሕር ከተማ ለማየት የሚሻ ሰው ወዴት ይሂድ? ይህ ጥያቄ አባቶቻችንን አያስቸግራቸውም ነበር፤ «ምጽዋ» ብለው በአንድ ቃል ይመልሱት ነበር። ነገር ግን ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ምጽዋም አሰብም የሌላ አገር ወደቦች ናቸው፤ ከ2010 ዓ.ም. ዕርቅ በኋላ ተከፍቶ የነበረውም ድንበር ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። ገንዘብ ያለው ሰው ዛንዚባርን ይመርጣል። እዚያም ከዳሬሰላም በመርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ቢያስኬድ ነው፤ የድንጋይ ከተማ የሚሏትም አሮጌዪቱ ከተማ በእውነት ለዓይን የምታስደንቅ ናት። ሆኖም የወር ደመወዝተኛ የኤሮፕላኑን ዋጋ ሲሰማ አሳቡን ይለውጣል። እኔም ይህን ሁሉ ካወጣሁና ካወረድሁ በኋላ «ታጁራ ብንሄድስ?» አልሁ። ከጠረጴዛው ዙሪያ ስሟን ሰምቶ የሚያውቅ ከጋሼ በቀር አልነበረም። ጋሼ ግን ስሟን ስጠራ ድንገት ቀና ብለው አዩኝ። ለምን እንደዚያ እንዳዩኝ የተረዳሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ወደ ጉዞው ከመግባቴ በፊት ስለ ከተማዪቱ ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ። ታሪኳን ሳያውቅ ወደ ታጁራ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነጫጭ ቤቶችና ጥቂት መስጊዶች አይቶ «ይህን ለማየት ነው የደከምሁት?» ብሎ ሊመለስ ይችላልና።

አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር፥ የአራዳም ገበያ ሳይቆም፥ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫቸው አንኮበር በነበረ ጊዜ፥ ሸዋ ወደ ባሕር የምትወጣበት ትልቁ በር ታጁራ ነበረች። በሩ የተከፈተና የተዘጋ የሚሆነውም በአፋሮች ፈቃድ ነበር። የታጁራ ሡልጣን «ዳርዳር» ይባላል፤ ግመሎቹም፥ መንገድ መሪዎቹም፥ የውኃ ጕድጓዶቹም የአፋር ናቸው። ሲራራ ነጋዴው ከታጁራ ተነሥቶ በዓሣል የጨው ሐይቅ በኩል ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ በረሓውን ለሳምንታት አቋርጦ፥ አዋሽን ተሻግሮ፥ ከሸዋ ደጋ ግርጌ ካለችው ፋሪ ይደርሳል። ከዚያም ወደ ዓልዩ አምባ ገበያ ወጥቶ ጭነቱን ያራግፋል።

በግንቦት 1833 ዓ.ም. ሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መልእክት ይዞ ታጁራ ወረደ። እንግሊዞች በዚያ ዘመን ዐደንን ከያዙ ገና ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ሃሪስ ብዙ ገጸ በረከት፥ ብዙ ዕቃና ወታደሮች ይዞ ስለ መጣ በማግሥቱ የሚነሣ መስሎት ነበር። ነገር ግን ግመል የሚያከራዩት ሰዎች አልቸኰሉም፤ ዋጋው እየተነሣና እየወደቀ፥ ምክሩ እየተጀመረና እየተቋረጠ ቀናት አለፉ። በኋላም በመንገድ ላይ ከሰዎቹ ሦስቱ በሌሊት በተኙበት ተገደሉበት። ሸዋ የደረሰው በሐምሌ ወር ነው፤ ከንጉሡም ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመው በኅዳር 1834 ዓ.ም. ነው። ሃሪስ በመጽሐፉ ታጁራን ብዙ አምቷታል። እኔ ግን የታጁራ ሰዎችን አልፈርድባቸውም፤ አንድ የውጭ አገር ጦር መሣሪያ ታጥቆ በበራችሁ ላይ ቢቆም እናንተስ ትቸኵሉ ነበርን?

ከርሱ የባሰ የጠበቀው ደግሞ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ነው። ቅኔውን ገና በወጣትነቱ ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፥ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ለመሸጥ በ1878 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ታጁራ ደረሰ። በዚያም አንድ ዓመት ለመሙላት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተቀመጠ። መጀመሪያ ፈቃድ ጠበቀ፤ ቀጥሎ ግመል ጠበቀ፤ በመካከሉ አንዱ የንግድ ጓደኛው ታመመ፥ ሌላውም ሞተ። ከታጁራ የወጣው በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን አንኮበር የደረሰው በጥር ወር ነው። ንጉሡ ግን በአንኮበር አልነበሩም፤ በዚያው በጥር ወር ሐረርን ይዘው ነበር። ራምቦ ወደ እንጦጦ ሄዶ ተመልሰው እስኪመጡ ጠበቃቸው። ጠመንጃውም ካሰበው በታች በሆነ ዋጋ ተሸጠ፤ የሟች ጓደኛውም አበዳሪዎች ከበቡት። የቀረውን ገንዘብ የተቀበለው ሐረር ወርዶ ከራስ መኰንን ነው። ይህን ታሪክ በምናነብበት ጊዜ እንጦጦ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያየው ሜዳ፥ ዛሬ እኛ አራዳና ፒያሳ የምንለው ቦታ መሆኑን ማስታወስ ደስ ይላል።

ነገር ግን፥ አድማጮቼ፥ ሳልናገረው ላልፍ የማልችለው ሌላ ነገር አለ። በታጁራ በኩል የገባው ጠመንጃ፥ ጨርቅና ዕቃ ነው። የወጣው ደግሞ ቡና፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም። ሰውም ወጥቷል። ከደቡብና ከምዕራብ የተነዱ፥ ይልቁንም በዕድሜ ልጆች የነበሩ ሰዎች፥ በዓልዩ አምባ አካባቢ ተሸጠው በዚያ በረሓ በእግራቸው ወርደዋል፤ ከታጁራም በጀልባ እየተጫኑ ወደ ዐረብ አገር ተሻግረዋል። ፈረንሳዊውም እንግሊዛዊውም ይህን አይተው ጽፈዋል። እኛ ስለ ነጋዴው መንገድ ስናወራ ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል እንዘለዋለን። ሻጩ የባሕር ማዶ ሰው ብቻ እንዳልነበረ ስለምናውቅ ይሆናል።

የታጁራ መውደቅ ፈጥኖ የመጣ ነው። ሡልጣኑ በ1877 ዓ.ም. መጀመሪያ ከፈረንሳይ ጋር የጥበቃ ውል ተዋዋለ። ፈረንሳዮችም በ1880 ዓ.ም. ከባሕረ ሰላጤው በስተ ደቡብ፥ ለመርከብ የተሻለ ጥልቀት ባለው ስፍራ ጅቡቲን መሠረቱ። ሐረር በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ የሐረር መንገድ ከአፋር በረሓ ይልቅ ተመረጠ። የምድር ባቡሩም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡር ካለ ግመል ማን ይጠብቃል? ታጁራም ከነመስጊዶቿ ባሕር እያየች ቀረች። ዛሬ ነገሩ ጥቂት ተለውጧል፤ በ2009 ዓ.ም. አዲስ ወደብ ተከፍቶላታል፥ ወደ አፋር ክልል የሚወጣም መኪና መንገድ ተሠርቶላታል።

አሁን ወደ ጉዞአችን ልመለስ።

ሰው ሁሉ ጉዞ ሲያስብ ከራሱ ደጅ ይጀምራል። ከቤቴ በዚህ ቀን እወጣለሁ፥ እዚህ አድራለሁ፥ እዚያ እውላለሁ ይላል። ወደ ታጁራ ለሚሄድ ሰው ግን አሳቡ ከመጨረሻው መጀመር አለበት። ምክንያቱም ከጅቡቲ ወደ ታጁራ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው መርከብ፥ ፈረንሳይኛ የሚናገሩት «ባክ» የሚሉት፥ በየቀኑ አይሄድም። በሳምንት የተወሰኑ ቀኖች አሉት፤ ቀኖቹም ይለዋወጣሉ፤ ነፋስ ሲበረታ ደግሞ በቀኑም ሳይሄድ ይቀራል። ባቡሩም እንደዚሁ በየቀኑ አይነሣም። ስለዚህ አስቀድሞ የመርከቡ ቀን ይታወቃል፤ ከዚያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቀን ተቀንሶ የባቡሩ ቀን ይመረጣል፤ የፈቃድ ማመልከቻ የሚጻፈው ከሁሉ በኋላ ነው።

እኔ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ልማዴ አስቀድሜ የፈቃድ ማመልከቻ ጻፍሁ።

ማመልከቻው ፈጥኖ ተፈቀደልኝ፤ ይህም ራሱ አሳሳተኝ። ቀጥዬ የባቡር ቲኬት ቈረጥሁ። የመርከቡን ነገር «እዚያው ስንደርስ እንጠይቃለን» ብዬ ተውሁት። ጋሼ አንድ ሁለት ጊዜ «የመርከቡን ቀን አጣራህ ወይ፥ ልጄ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔም «ጋሼ፥ እርስዎ አያስቡ» አልኋቸው። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲያጣሩ የኖሩ ሰው ነገሩ ሊገባቸው እንደሚችል ማሰብ ነበረብኝ።

በጥር ወር አንድ ሐሙስ ጧት ተነሣን። ዱሮ ከአራዳ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ወርዶ ለገሐር መሳፈር ነበር። የዚያ ባቡር መንገድ እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን በቀድሞው ዘመን መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በሦስት ቀን ይጨርሰው ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረ ሲሆን፥ የሚነሣው ከከተማው ዳር ከፉሪ ለቡ ነው። ስለዚህ የአራዳ ሰው በጨለማ መነሣት ይኖርበታል። ባቡሩ በአዳማ፥ በአዋሽ፥ በሚኤሶና በድሬዳዋ በኩል አልፎ ማታ ነጋድ ከሚባለው የጅቡቲ ጣቢያ ያደርሳል። ጣቢያውም እንደኛው ከከተማው ውጭ ስለ ሆነ ለታክሲ የሚሆን ፍራንክ በኪስ ይዞ መውረድ ያሻል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ዛሬ አንዱ ዶላር 177 ፍራንክ ከጥቂት ሣንቲም ይመነዘራል። ዋጋው ስለማይዋዥቅ ወጪን አስቀድሞ ለማስላት ይመቻል። ይሁን እንጂ ከተማው ውድ ነውና ስሌቱ ሲያልቅ ደስ አያሰኝም። የቪዛውንም ጉዳይ ከመነሣት በፊት ከኤምባሲያቸው ጠይቆ መጨረስ ነው እንጂ ለድንበር አይተዉትም።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። እኔ ጧት ተነሥቼ የመርከቡን ነገር ልጠይቅ ብወጣ ጽሕፈት ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። በጅቡቲ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ መሆኑን፥ ይህንንም ማንኛውም የጅቡቲ ልጅ የሚያውቀውን ነገር፥ እኔ ያወቅሁት በተዘጋ በር ፊት ቆሜ ነው። ቀን አንድ ምግብ ቤት ስንገባ ባለቤቱ የአገራችን ሰው ሆኖ ተገኘ። በዚያ ከተማ ሃያ ዓመት የኖረ፥ ደግ ሰው ነው። ስለ መርከቡ ብጠይቀው «ነገ ሰባት ሰዓት ላይ ይነሣል» አለኝ። በአማርኛ ጠየቅሁ፥ በአማርኛ መለሰልኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ማጣሪያ ያስፈልጋል?

በማግሥቱ አርፍደን ተነሣን። ጋሼ ልብሳቸውን ለውጠው፥ ኮፍያቸውን ደፍተው፥ ከሻንጣቸው በትንሽ ጠርሙስ ጠበል አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። ከስድስት ሰዓት ተኩል ትንሽ ቀደም ብለን ወደቡ ደረስን። ወደቡ ባዶ ነው። አንድ ዘበኛ ሻንጣችንን አይቶ እጁን ወደ ባሕሩ ዘረጋ። መርከቡ የሄደው በሰባት ሰዓት ነው፤ በሰባት ሰዓት ማለት ግን በእነርሱ አቆጣጠር፥ እኛ ከጧቱ አንድ ሰዓት በምንለው ጊዜ ነው። የአገራችን ሰው አልዋሸኝም። በሃያ ዓመት ውስጥ ቋንቋው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲቀር ሰዓቱ ጅቡቲያዊ ሆኖበታል። «በየትኛው አቆጣጠር?» ብዬ አለመጠየቄ ጥፋቱ የእኔ ነው። የሚቀጥለውም መርከብ ከሦስት ቀን በኋላ እንደ ሆነ ተነገረን።

እኔ እንደ ልማዴ ራሴን እያማረርሁ ብዙ ተናገርሁ። ጋሼ ዝም ብለው ቆመው ባሕሩን ሲያዩ ቈዩ። ማታ ከማረፊያችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለን ነው የነገሩኝ።

«የአያቴ እናት ልጅ ሳለች» አሉኝ፥ «ከወንድሟ ጋር ተነድታ ሸዋ ደረሰች። እርስዋን የገዛት ሰው አንኮበር አስቀራት። ወንድሟን የገዙት ግን ወደ ታጁራ የሚወርዱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ስለ እርሱ የሰማ የለም። አያቴ ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ‹እናቴ እስክትሞት ድረስ ታጁራ የሚለውን ስም ቤት ውስጥ አታስጠራም ነበር› አለችኝ። የልጁን ስም ነግራኝ ነበር፤ እኔ ግን ረሳሁት። ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው ስም በመዝገብ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ሰው ስም ረሳሁ።»

የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ጥቂት ቈይቼ «ጋሼ፥ ፈቃዴ ቢያልቅም እንጠብቃለን» አልኋቸው። እርሳቸውም «እርሱም እዚህ ዳር ሳይጠብቅ አልቀረም» ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ።

ሦስቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍን አላተትም፤ ወጪውን ብቻ ሳስብ ዛሬም ይቆረቁረኛል። ለመሥሪያ ቤቴም የሁለት ቀን ተጨማሪ ፈቃድ በስልክ ለመንሁ፤ አለቃዬ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ «መርከብ አመለጠኝ» ብለው የቀለድሁበት መሰለው።

በስድስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ ወደቡ ላይ ነበርን። መርከቡ ከፊቱ እንደ በር የሚከፈት፥ ከታች መኪናና ጭነት፥ ከላይ ሰው የሚይዝ ነው። የስኳርና የሩዝ ጆንያ፥ ማቀዝቀዣ፥ ፍየሎች፥ ፍራሽ፥ ሁሉም አብሮን ተሳፈረ። ጕልበታቸው ለሚያማቸው ሰዎች ከባዱ ወደ ላይ የሚያወጣው ጠባብ መሰላል ነው፤ ጋሼን አንድ የአፋር ወጣት ሳይለመን ክንዳቸውን ይዞ አወጣልኝ። የባሕር ሕመም የሚፈራ ሰው ከመርከቡ መካከል ይቀመጥ፥ ሎሚ ይያዝ፥ ጧት ብዙ አይብላ። ከጅቡቲ እስከ ታጁራ በባሕሩ ላይ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መርከቡም ዝግ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ ሁለት ሰዓት ከዚያም በላይ ይፈጃል። መጀመሪያ ጅቡቲ ከኋላ ትጠፋለች፤ ከዚያ ለረዥም ጊዜ ውኃ ብቻ ይታያል፤ በኋላ የጎዳ ተራሮች ከፊት ለፊት ሰማያዊ ሆነው ይነሣሉ፥ ከግርጌያቸውም ነጭ ነጭ ነገር እንደ ተበተነ ዱቄት ይታያል። ያ ታጁራ ነው። ጋሼ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከመርከቡ ጠርዝ አልራቁም።

ከተማዪቱ ትንሽ ናት። ሰባት መስጊድ አላት ይባላል፤ እኔ ስቈጥር አምስት ላይ ጠፋብኝ። ቤቶቹ በኖራ የተለሰኑ፥ መንገዶቹ ጠባብ፥ ሰዎቹ ለእንግዳ ትሑታን ናቸው። አገሩ የእስላም አገር ስለ ሆነ አለባበስን ማሳመር፥ ሰውን ከመቅረጽ በፊት ማስፈቀድ፥ የስግደት ሰዓትንም ማክበር ተገቢ ነው። መጠጥ የለመደ ሰው ሁለት ቀን ቢታገሥ አይሞትም። ምግቡ ዓሣ ነው። በጾም ወራት የምትሄዱ ሁሉ፥ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከየንስሐ አባቶቻችሁ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱት፤ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ሽታው አያስከራክርም።

የጉዞውን ወራት በሚመለከት፥ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ እኛ በአራዳ ጭቃ ውስጥ ካፖርት ለብሰን ስንሄድ፥ በዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፥ ከበረሓም የሚያቃጥል ነፋስ ይነሣል። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው ውስጥ ትልልቅ ነጠብጣባም ዓሣዎች፥ ስማቸው የዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚባል፥ ይሰበሰባሉ። ሰው አይነኩም ይላሉ። እኔ ግን ለማረጋገጥ አልሞከርሁም። የረመዳን ጾም የሚውልበትንም ጊዜ አስቀድሞ ማየት ደኅና ነው፤ የሱቁና የምግብ ቤቱ ሰዓት ይለወጣልና።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ጋሼ ብቻቸውን ወጡ። ስለ ሠጋሁ ከሩቅ ተከተልኋቸው። ከአሮጌው ከተማ ዳር፥ ጀልባዎች ከሚታሰሩበት ቦታ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጠርሙሱን ከፍተው ጠበሉን ባሕሩ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱት፤ ከዚያ ባዶውን ጠርሙስ ክዳኑን ገጥመው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ፀሐይ እስክትወጣ ተቀመጡ። አንድ አጥማጅ አልፎ ሲሄድ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ኮፍያቸውን አንሥተው መለሱለት። እኔ መጥቼ አጠገባቸው ስቀመጥ «ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። «በየትኛው አቆጣጠር፥ ጋሼ?» ብላቸው፥ ከተነሣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ።

ስንመለስ መርከብ አልጠበቅንም። ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ ጅቡቲ የሚገባ የመኪና መንገድ አለ፤ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ለመንገደኛ የምመክረው በባሕር ሄዶ በየብስ መመለስን ነው። መርከቡ በነፋስ ምክንያት ቢቀርም ይህንኑ መንገድ መያዝ ስለሚቻል፥ ለመኪናው የሚሆን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጦ መነሣት ያስፈልጋል። እኛ ስንነሣ እንዲህ ያለ መንገድ መኖሩን ብናውቅ ኖሮ ሦስት ቀን ባልጠበቅን ነበር፤ ጋሼ ግን «በመርከብ መሄዴ ይሻላል» ብለውኛል። ከመንገዱ ጥቂት ገባ ሲባል የዓሣል ሐይቅ ይገኛል፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፥ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ የዘቀጠ ቦታ ነው። ዳርቻው ሁሉ ጨው ስለ ሆነ ዓይን ያጭበረብራል። የነጋዴው መንገድ ያለፈው በዚህ በኩል ነው። ሹፌሩ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ሰጠን። ጋሼ ከመኪናው ወርደው ወደ ምዕራብ፥ ወደ እኛ አገር ያለውን ገደል ሲያዩ ቆሙ፤ ከዚያም ከአንድ የአፋር ልጅ የእፍኝ ያህል ጨው ገዝተው በዚያው በባዶው የጠበል ጠርሙስ ጨመሩት።

ጠርሙሱ ዛሬ አራዳ፥ ጊዮርጊስ አጠገብ ከሚገኘው ቤታቸው፥ ከሬዲዮናቸው ጎን ተቀምጧል። አሁንም ይህን ንግግር እየሰሙ ይሆናል። የመርከቡን ቀንና ሰዓት ሳያጣራ ማንም እንዳይነሣ አጥብቄ እንድናገር ነግረውኝ ነበር፤ ተናግሬያለሁ። የተሰጠኝም ጊዜ አልቋል። ደኅና እደሩ።